የጥንቷ ቻይና የመሥዋዕት ነሐሶች፦ ከየትኛው ዘመን ልጀምር፣ የትኛውስ ሙዚየም ልሂድ?

«የቻይናን ጥንታዊ ነሐስ ማየት እፈልጋለሁ፣ የት ልሂድ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የሙዚየም ስም ከመጥራቴ በፊት መልሼ እጠይቀዋለሁ። ምኑን ነው ማየት የምትፈልገው? ጌጡን ነው፣ ጽሑፉን ነው፣ ወይስ የእጁን ጥበብ? ሦስቱም እኩል ደምቀው የሚታዩበት ዕቃ ጥቂት ነው። ከሻንግ ሥርወ መንግሥት መነሻ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ ጀምሮ እስከ ዦው ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ፣ እስከ 256፣ ያለው ጊዜ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ይበልጣል። ይህን ሁሉ ባንድ ከሰዓት አየዋለሁ ብሎ የሚገባ ሰው በረድፍ የተቀመጡ አረንጓዴ ድስቶች አይቶ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣል። እነዚህን ዕቃዎች ስለምወዳቸው ይህ ያሳዝነኛል። አስቀድሞ መምረጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከምርጫው በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እነዚህ የማዕድ ቤት ዕቃዎች አይደሉም። ለሞቱ አባቶችና እናቶች መንፈስ ሥጋ፣ የበሰለ እህል፣ ከእህል የተጠመቀ መጠጥና የእጅ ውሃ የሚቀርብባቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ቀለም የመሬቱ ሥራ ነው። መዳብ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ጋር ተቀላቅሎ ከፎርማው ሲወጣ ወርቅ የሚመስል ብርቱካንማ ብርሃን ነበረው። መስታወቱ ፊት ስትቆሙ አረንጓዴውን በሐሳባችሁ ገፍፋችሁ፣ በጭስና በእሳት መካከል የሚያበራ ዕቃ አድርጋችሁ ልታዩት ይገባል።

ሻንግ፦ ጌጥ ለሚወድ

ምርጫው ለእኔ ቢተው አዲስ ሰው ከሻንግ ይጀምር እላለሁ፤ በተለይም ዋና ከተማው ዛሬ ሄናን ክፍለ ሀገር ባለችው አንያንግ ከነበረበት፣ ከ1250 እስከ 1046 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው ዘመን። ምክንያቴ ፊቱ ነው። በዕቃው ሆድ ላይ ሁለት ዓይኖች ይፈጡባችኋል። ቀንድ አለው፣ ቅንድብ አለው፣ የላይ መንጋጋ አለው፤ የታች መንጋጋ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ይህ ፊት «ታውቲዬ» ይባላል። ስሙ የሻንግ ሰዎች ያወጡት አይደለም። ሆዳም አውሬ ማለት ሲሆን፣ ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ተገኝቶ ከዚያም ብዙ ቆይቶ በመጣው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በሊቃውንት እጅ ከጌጡ ጋር የተጣበቀ ነው። ዛሬ ብዙ የቻይና አርኪዮሎጂስቶች «የአውሬ ፊት ጌጥ» ማለትን ይመርጣሉ፤ እኔም እንዲህ ቢባል ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ስሙ ቀድሞ ስለ ሆዳምነት ካስተማረን ዓይናችን የሚያየውን ያጣል።

አሁን ጠጋ ብላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። በመዳፋችሁ የፊቱን ግራ ግማሽ ከዓይናችሁ ሸፍኑ። የቀረው ግማሽ ፊት መሆኑ ቀርቶ በጎኑ የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ አንድ ዘንዶ ይሆናል። መዳፋችሁን ስታነሡ ሁለት ዘንዶዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው እንደገና አንድ ፊት ይሆናሉ። መሐል አፍንጫው ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ወይም ወጣ ያለ ጠርዝ ታገኛላችሁ። ያ መስመር ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ይነግራችኋል።

የእኛ አንጥረኞች መስቀሉን በሰም ይቀርጹታል፤ በጭቃ ይሸፍኑታል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ በቦታው ይገባል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ የእጅ ሥራ ነው። የሻንግ ባለሙያዎች መንገድ ሌላ ነበር። መጀመሪያ ዕቃውን በሸክላ አብጅተው በላዩ እርጥብ ሸክላ ይለጥፋሉ፤ ያን ልባስ በክፍል በክፍል ቆርጠው ያነሡታል፤ ዋናውን ሸክላ ዙሪያውን ፍቀው ያሳንሱታል። የተፋቀው ውፍረት የነሐሱ ውፍረት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ክፍሎቹን መልሰው ገጥመው የቀለጠውን ነሐስ ያፈስሱበታል። ፎርማው ክፍል ክፍል ስለሆነ ጌጡም ክፍል ክፍል ሆኖ ይታሰባል፤ ፊቱ ግራና ቀኝ እኩል የሚሆነው፣ መጋጠሚያውም ብዙ ጊዜ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ክንፍ መስሎ የወጣው ጠርዝ መጋጠሚያውን ወደ ጌጥነት የለወጠ ብልሃት ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን የቀድሞ አድናቆቴ ሁሉ ገና ጅምር መሆኑ ገባኝ።

ከፊቱ በስተኋላ ያለውን ሜዳ የሚሞላው እንደ ጥልፍ የጠበቀ ባለ አራት ማዕዘን ጥምዝ «ሌይዌን» ይባላል፣ የነጎድጓድ ጌጥ ማለት ነው። ጥንታዊውን ከኋለኛው ለመለየትም ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ፊቱና ሜዳው አይለያዩም፤ ቀጭን ወይም ሰፊ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ቆይቶ ጥምዙ እየደቀቀ ሜዳ ይሆናል፤ በመጨረሻ ፊቱ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ እናንተ ይመጣል። ማክስ ሎየር የተባለው የጥበብ ታሪክ ምሁር በ1953 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት የቅርብ ዘመን ዓመታትም እንዲሁ) ይህንን ጉዞ ጌጡን ብቻ እያየ በአምስት ደረጃ አስቀምጦታል፤ በዦንግዦው ከተማ የወጣው ቁፋሮም ቅደም ተከተሉን ደግፎለታል። ሙዚየም ውስጥ የዘመን ጽሑፉን ሳታነቡ አምስቱን ደረጃ ለመለየት ሞክሩ። ዓይን በፍጥነት ይማራል።

ከሻንግ ሁለት ስም መያዝ ይበቃል። አንደኛው ቤጂንግ በሚገኘው የቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ያለው «ሆውሙዉ ዲንግ» ነው። ባለ አራት ማዕዘንና ባለ አራት እግር የሥጋ ዕቃ ሲሆን ቁመቱ 133 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 832.84 ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ ነሐስ ንጉሥ የሆነ ልጅ ለእናቱ መታሰቢያ አስፈስሶ፣ በውስጡ ያስቀረጸው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በ1939 የአንያንግ ገበሬዎች ቆፍረው አወጡት፤ የጃፓን ጦር እንዳይወስደው ብለውም መልሰው ቀበሩት። ሁለተኛዋ ንግሥት ፉ ሃው ናት። የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስትና የጦር አዝማች ነበረች፤ ጦር መምራቷ በጥንቆላ አጥንቶች ላይ ተጽፏል። መቃብሯን ሌባ ሳይነካው በ1976 አርኪዮሎጂስቷ ዠንግ ዠንሲያንግ ከፈተችው። 468 የነሐስ ዕቃ ወጣ፤ ክብደቱ በድምሩ ከ1,600 ኪሎ በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ የጉጉት ቅርጽ ያላቸው ጥንድ የመጠጥ ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ ቤጂንግ፣ አንዱ ዦንግዦው በሚገኘው የሄናን ሙዚየም ነው።

ምዕራብ ዦው፦ ጽሑፍ ለሚወድ

ፊደል የምትወዱ ሰዎች ሻንግን በአክብሮት አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ዦው ሂዱ፣ ከ1046 እስከ 771 ወዳለው ዘመን። ጌጡ ይረጋል። አስፈሪው ፊት ቦታውን ረጅም ጅራት ላላቸው ወፎች ይለቃል፤ ቀጥሎ ሞገድና የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ጌጦች ይመጣሉ። ሰዎች «ጌጡ ደከመ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ክብደቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ እላለሁ፤ የዕቃው ሆድ ውስጥ ጽሑፍ አለና። ንጉሥ ለባለሟሉ መሬት ሲሰጥ፣ ሲሾመው፣ ጦርነት ሲያሸንፍ፣ ተቀባዩ ነገሩን በነሐስ አስቀርጾ ለአባቶቹ ያነብላቸዋል፤ «የልጅ ልጆቼ ለዘላለም ይጠቀሙበት» ብሎም ይዘጋል።

«ሄ ዙን» የሚባለውን የመጠጥ ዕቃ ልንገራችሁ። በ1963 በሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ባውጂ አቅራቢያ አንድ ገበሬ አገኘው። ከዚያ ለቁራሌ ተሸጠ። የባውጂ ሙዚየም ሠራተኛ አይቶት በ30 ዩዋን ተገዛ። በ1975 ለኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የሻንጋዩ የነሐስ ሊቅ ማ ቸንግዩዋን ከዕቃው ውስጥ ከሥሩ ዝገት ሥር የተደበቁ 122 ፊደሎችን አገኘ። በመካከላቸው «ዦንግጉዎ» የሚል ቃል አለ፣ መካከለኛው አገር ማለት ነው፤ ዛሬ ቻይናውያን አገራቸውን የሚጠሩበት ስም። ተጽፎ ከተገኘባቸው ቦታዎች ሁሉ ቀደምቱ ይኸው ለቁራሌ የተሸጠ ዕቃ ነው።

በዚህ ዘመን የዕቃው ዓይነትም ተለወጠ። በሻንግ መቃብር የመጠጥ ዕቃ ይበዛል፤ በዦው እየጠፋ ሄዶ የምግብ ዕቃ ይነግሣል። «ዳ ዩ ዲንግ» በሚባለው ዕቃ ላይ ከተቀረጹት 291 ፊደሎች ውስጥ ለዚህ ፍንጭ አለ፤ የዦው ንጉሥ ሻንግ የወደቁት ሹማምንታቸው በመጠጥ ስለጠፉ ነው ብሎ ባለሟሉን ያስጠነቅቃል። ዕቃው የሚያስተላልፈው ተግሣጽና የዕቃዎቹ ዓይነት መለወጥ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ታሪክ በዓይን እንደሚነበብ ይታወቃል።

ምሥራቅ ዦው፦ የእጅ ጥበብ ለሚወድ

ከ770 በኋላ መንግሥቱ ይከፋፈላል፤ የየአገሩ መሳፍንትም በዕቃ ይፎካከራሉ። ወርቅ፣ ብር፣ ቀይ መዳብና ፌሮዝ ነሐሱ ውስጥ ይገባል። አደን፣ ጦርነትና ድግስ በጥቃቅን ሰዎች ይሣላል። ሻንሺ (ይህኛው ምሥራቃዊው ነው፤ ባውጂ ካለችበት ምዕራባዊው ሻንሺ አጎራባች የሆነ ሌላ ክፍለ ሀገር) ውስጥ ሆውማ በሚባል ቦታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የፎርማ ስብርባሪ ተገኝቷል። ባለሙያዎቹ አንድ የጌጥ ናሙና ቀርጸው ከእሱ ደጋግመው እያወጡ ዕቃውን ያለብሱት ነበር። ሥራው ይደንቃል፤ ልብ ግን እንደ ሻንግ አይይዝም፣ ቢያንስ የእኔን።

አንድ ቦታ ብቻ አፌን ያስያዘኛል። ሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ሱይዦው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 433 ገደማ የተቀበረው የዘንግ መስፍን የዪ መቃብር። በ1978 ሲቆፈር አሥር ቶን ገደማ ነሐስ ወጥቶበታል። 65 ደወሎች አሉ፤ የቅላጼ ደወሎቹ እያንዳንዳቸው መሐል ሲመቱ አንድ ድምፅ፣ ጎን ሲመቱ ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ። አጠገባቸው ያለው የመጠጥ ዕቃና ማስቀመጫ ሳህኑ ደግሞ ጠርዙ እንደ ትል እርስ በርሱ የተወሳሰበ በመሆኑ ዓይን መጀመሪያውን ማግኘት ያቅተዋል። ሁሉም ዉሃን በሚገኘው የሁቤይ ክፍለ ሀገር ሙዚየም ናቸው።

ሳንሺንግድዊን ለምን አላነሣህም የሚል ይኖራል። በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ያለው የቁፋሮ ቦታ ሳንሺንግድዊ፣ ዓይናቸው እንደ ቧንቧ የወጣ ጭምብሎቹና ከነመቆሚያው 2.62 ሜትር የሆነው ሐውልት ግሩም ናቸው። ግን ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ እምነት ነው። ከዚያ የጀመረ ሰው ዲንጉን ሲያይ ይቀዘቅዝበታል። ለሁለተኛ ጉዞ አቆዩት።

ዲንግ፣ ግዌይ፣ ጁዌ ወይስ ጉ?

የዕቃ ዓይነት ከሃያ ይበልጣል፤ አራቱን ማወቅ ግን በር ይከፍታል። ዲንግ የሥጋ ዕቃ ነው፣ ሦስት ወይም አራት እግር፣ ከላይ ሁለት ጆሮ። ግዌይ የበሰለ እህል የሚቀርብበት ባለ ጆሮ ጎድጓዳ ሳህን። ጁዌ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት፣ ረጅም ማፍሰሻ የወጣለት፣ ጠርዙ ላይ ሁለት እንጉዳይ መሰል ምሰሶዎች የቆሙበት ትንሽ የመጠጥ ዕቃ። ጉ ደግሞ ወገቡ ቀጭን፣ አፉ እንደ መለከት የተከፈተ ረጅም ዋንጫ።

ለጌጥ ዓይናችሁን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ ጉን ምረጡ፤ ጌጡ ከታች ወደ ላይ በሦስት ክፍል ስለሚደረደር ለማንበብ ይቀላል። ለጽሑፍ ግዌይ፤ የሆዱ ወለል ሰፊ በመሆኑ ብዙ ታላላቅ ጽሑፎች እዚያ አሉ። ዦው ሻንግን ያሸነፈበትን ቀን የሚናገረው፣ በ1976 የተገኘው «ሊ ግዌይ» ከነዚህ አንዱ ነው። አንድ ብቻ ካላችሁኝ ግን ዲንግ። ሥልጣን የሚለካበት ዕቃ እሱ ነበርና፤ በኋለኛው ሥርዓት ለንጉሥ ዘጠኝ ዲንግ ከስምንት ግዌይ ጋር፣ ለመስፍን ሰባት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በ606 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቹ ንጉሥ ዧንግ ጦሩን ከዦው ዋና ከተማ አጠገብ አስፍሮ «ዘጠኙ ዲንጎች ስንት ይመዝናሉ?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ነገሩ በምግባር እንጂ በዲንግ አይደለም የሚል ነበር። እስከ ዛሬ በቻይንኛ «የዲንግን ክብደት መጠየቅ» ዙፋን መመኘት ማለት ነው።

የት ልሂድ?

ቻይና ውስጥ አንድ ከተማ ብቻ የምታዩ ከሆነ፣ ስመ ጥር ዕቃዎችን ለሚፈልግ ቤጂንግ ይሻላል፤ ከሆውሙዉ ዲንግ ሌላ ዳ ዩ ዲንግ፣ ሊ ግዌይና አራት በጎች ከማዕዘኖቹ የሚወጡበት ዙን እዚያው ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል መማር ለሚፈልግ ግን ሻንጋይ ይበልጣል፤ እኔም የምመርጠው ሻንጋይን ነው። በ1996 የተከፈተው የሻንጋይ ሙዚየም ሕንፃ ራሱ በዲንግ አምሳል የተሠራ ነው፤ የነሐስ አዳራሹ ግን በ2024 ፑዶንግ ውስጥ ወደተከፈተው አዲስ ሕንፃ ተዛውሯል፤ እንዳትሳሳቱ። እዚያ 201.5 ኪሎ የሚመዝነውን ዳ ከ ዲንግን ታያላችሁ። ይህን ዕቃና ዳ ዩ ዲንግን የፓን ቤተሰብ በጦርነቱ ጊዜ ሱዦው በሚገኘው ቤቱ መሬት ቀብሮ አትርፎ፣ ወይዘሮ ፓን ዳዩ በ1951 ሁለቱንም ለሕዝብ ሰጠች። ሁለቱም ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፤ ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤጂንግም ሻንጋይም ስለሚበር ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለንግድ ጓንጁ የምትመላለሱ ወገኖች ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ጓንጁ ውስጥ ያለው የናንዩዌ ንጉሥ መቃብር ሙዚየም ጥሩ ነው፤ ዘመኑ ግን ከምንናገርባቸው ዕቃዎች በኋላ ነው። ሁለት ትርፍ ቀን ካላችሁ ፈጣኑን ባቡር ያዙና ዉሃን ሂዱ፤ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ደወሎቹ እዚያ ናቸው።

ጽሑፍ የሚወድ ባውጂ ይሂድ። ሄ ዙንም፣ 284 ፊደል ያለው የታሪክ ጸሐፊው የቻንግ የውሃ ሳህንም እዚያ ነው፤ ይህ ሳህን በ1976 ከአንድ ጉድጓድ ከወጡት 103 ዕቃዎች አንዱ ነው። ከነሐስ ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ፣ አምስት መቶ ፊደል የሚጠጋው ማው ጎንግ ዲንግ ግን ታይፔ በሚገኘው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ነው።

ባሕር ማዶ ላለን ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ለንደን የምትኖሩ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም የካንግ መስፍን ግዌይ አለው፤ 24 ፊደል ብቻ ቢሆንም ከሻንግ ውድቀት ማግስት ስለተነሣው አመፅ ይናገራል። ፓሪስ፣ ሰርኑስኪ ሙዚየም ውስጥ ሰውን በክንዶቿ መካከል የያዘች ነብር አለች፤ ትብላው ወይ ትጠብቀው የሚለውን ቆማችሁ ፍረዱ። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ሚኒያፖሊስ የጥበብ ተቋም ያለውን የፒልስበሪ ስብስብ አትለፉት። ሦስቱም ቋሚ ስብስባቸውን በነፃ ያሳያሉ።

ነሐስ ልግዛ ለምትሉ መልሴ አጭር ነው፤ ጥንታዊ የተባለውን አትግዙ። ሐሰተኛው ብዙ ነው፤ እውነተኛው ደግሞ ከመቃብር የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። አሜሪካም በ2009 ከቻይና ጋር ባደረገችው ስምምነት እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ሕጋዊ ሰነድ እንዳይገባ ገድባለች። ከሙዚየም ሱቅ የተገዛ ግልባጭ ቤት ውስጥ ያምራል፣ እጅም ይነካዋል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ፣ ከሁሉ የሚቀርባችሁ ፍሪር ነው፤ በ1923 የተከፈተ፣ የብሔራዊ የእስያ ጥበብ ሙዚየም አካል፣ ከስሚዝሶኒያን ሜትሮ ጣቢያ ስትወጡ አጠገባችሁ። መግቢያ ነፃ ነው። ዕቃዎቹ ስለሚቀያየሩ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን ተመልከቱ። በዝሆን አምሳል የተሠራችውን ትንሽ የመጠጥ ዕቃ ካገኛችሁ ክዳኗ ላይ ሌላ ትንሽ ዝሆን ቆሟል፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከእሷ ጀምሩ። ከልጆች ነፃ የሆናችሁ ቀን ግን «ሊንግ ፋንግዪ» የሚባለውን፣ ክዳኑ የቤት ጣሪያ የሚመስል ባለ አራት ማዕዘን ዕቃ ፈልጉ። የምዕራብ ዦው መጀመሪያ ነው። ከውጭ የሻንግ ፊት ገና ይፈጣል፣ ከውስጥ የዦው 187 ፊደሎች አሉ፤ ሁለቱ ዘመን እዚያ ይገናኛል። ዞር ዞር ብላችሁ ማዕዘኖቹን እዩ፣ ከጠርዙ ሥር መጋጠሚያውን ፈልጉ፣ ከዚያ አንዱ ፊት ላይ መዳፋችሁን አንሥታችሁ ግማሹን ሸፍኑ።